ሁለት ጣት ዝቅ

ኅዳር 6

ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራስ? አዲሱ ጋራዥ ተስማማህ? እኛ ደህና ነን። ማለቴ እናቴ ትበላለች፣ እኔም ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ሰው ሲጠይቀን «ደህና» የምንለው ይህንን ነው።

በእኛና በአንተ ከተማ መካከል በሚመላለሰው ሾፌር እጅ የላክሃት ብጣሽ ወረቀት ደርሳኛለች። ስልክህ የማይሠራው ወድቆ ተሰብሮ ነው ብለሃል። ለእናቴ እንደዚሁ ነገርኳት። «ታዲያ የሚጠግንለት አጣ? እሱ ራሱ ጠጋኝ አይደል እንዴ?» አለች። ከወንድሜ ቀብር ጀምሮ በየማለዳው ትደውልልሃለች። «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋን ሴትዮ እስከ መጨረሻው ታዳምጥና «እሺ የኔ ልጅ» ብላት ትዘጋለች።

ወረቀቷ ጫፍ ላይ «ልረዳችሁ የምችለው ነገር ካለ ጻፍልኝ» ብለሃል። ሰው እንዲህ የሚለው «ኧረ ምንም የለም» እንዲባልለት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አለ።

የወንድሜ ቱሪንግ ሞተር ሳይክል ግቢያችን ውስጥ ቆሟል፣ የአልጋ ልብስ ለብሶ። ትራፊኮቹ ምርመራቸውን ሲጨርሱ መለሱልን። አንዱ የጎን ሳጥን ተፍቋል፣ አንድ ስፔኪዮ ተሰብሯል፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ቁልፉን ስታዞረው ወዲያው ይነሳል። ሲነሳ ስሰማው በጡብ ልቀጠቅጠው ያምረኛል።

ባለፈው ሳምንት ሞተሩን የሸጠለት ሻጭ መጥቶ ነበር። ወንድሜ ሊገዛ ሲል መጀመሪያ የተቀመጠበት ጥቁሩ ክሩዘር ሞተር እስካሁን ገዢ አላገኘም። «ቱሪንጉን መልሱልኝና እሱን ውሰዱ፣ ጭማሪ አልጠይቃችሁም» አለን። እኔ ደግሞ ዘንድሮ ትምህርት እጨርሳለሁ፤ መንጃ ፈቃድ ማውጫ ዕድሜዬም ደርሷል። በትንሿ ሞተር ያለማመዳችሁኝ አንተና እሱ ናችሁ። እሱ ትንሿን ሸጦ ወደ ትልቅ ሊያድግ ሲል አንተን አማከረ። እኔም አንተን ማማከር አለብኝ። ቱሪንጉን ላስቀር ወይስ በክሩዘሩ ልለውጠው? ምረጥልኝ። የመረጥክልኝን እነዳለሁ።

አንድ ትንሽ ጥያቄ ደግሞ አለችኝ። የቱሪንጉን መቀመጫ ስንት ጣት ነው ዝቅ ያደረግክለት? ታላቄ ሆኖ ደረቴ ላይ ነበር የሚደርሰው፤ ለእሱ የተስተካከለው ለእኔ ጉልበት የሚበቃ አይመስለኝም።

አክባሪህ፣
ሎንጊኖ
(በቁመታችን እሱን ሴንቲ፣ እኔን ሎንጊኖ ብለህ ያወጣህልን አንተ ስለሆንክ በእሱ ልፈርምልህ።)


ኅዳር 17

ሎንጊኖ የኔ ጌታ፣

ደብዳቤህን ዘይት በነካ እጅ ነው የከፈትኩት፤ መልሱም ቢቆሽሽ አትፍረድብኝ። ሥራው ደህና ነው። አለቃዬ ነጭናጫ ነው፤ ሻዩን ግን ራሱ ይከፍላል። እኔ ሰው እንደማልወድ እዚህ ማንም አላወቀብኝም፤ ዝምተኛ ነው ይሉኛል። እኔን! ዝምተኛ!

ስለ ሞተሩ እውነቱን ልንገርህ? ሁለቱንም ተዋቸው። ቱሪንጉን ለሻጩ መልስና እናትህ ፍሪጅም ትግዛበት፣ ቤትም ታድስበት። ሰምተህ እንደማትሰማኝ ግን አውቃለሁ፤ ወንድምህም እንዲሁ ነበር። ስለዚህ ካማከርከኝ ልምከርህ።

ክሩዘር ማለት ሶፋ ነው። ዝቅ ብለህ ትቀመጣለህ፣ እግርህን ወደፊት ትዘረጋለህ፣ መሪው ወደ አንተ ይመጣል። ሲቆም ሁለቱም እግሮችህ በሙሉ ጫማቸው መሬት ይረግጣሉ። ለከተማ ነው፤ ለመታየት፣ ቀስ ብሎ ለመሄድ። ክፋቱ ንፋሱ ነው፤ የረጅም መንገድ ንፋስ ደረትህን እንደ በር ይገፋዋል። ከኋላህ የሚቀመጠው ሰውማ መከራው ነው፤ መደገፊያ የለው፣ ምቾት የለው።

ቱሪንግ ማለት ቤት ነው። ከፊት መስታወቱ ንፋስ ይመልስልሃል፣ ጀርባህ ቀጥ ይላል፣ ሳጥኖቹ ልብስህን ይይዛሉ፣ ከኋላ ያለው ሰው እንቅልፍ ቢወስደው አይወድቅም። ቀኑን ሙሉ ብትነዳው ስትወርድ ራስህን ታውቃለህ። ግን ከፍ ያለ ነው፣ ይከብዳል። እየሄደ ላባ ነው፤ ሲቆም ግድግዳ ነው። አንዴ ካዘነበለ አንተ ቀርቶ እኔም አልመልሰውም። አንተ ደግሞ ቁመትህ እንጂ ክንድህ ገና የልጅ ነው፤ አትቀየም።

ስለዚህ የግድ ካልከኝ ክሩዘሩን ውሰድ። እምልልሃለሁ፣ እሱን ውሰድ።

ሞተር ሰው አይገድልም፤ ፍጥነት ነው የሚገድለው። ነፍሱን ይማረውና ለወንድምህም ሁሌ የምነግረው ይህንን ነበር።

መቀመጫውን ስንት ጣት ነው ላልከው፣ ሁለት ጣት ነው። ሁለት ጣት ሙሉ። ልባሱን አንስቼ ስፖንጁን ራሴ ነኝ የቀረፍኩት፣ በዚያችው በምታውቃት ቢላዋዬ።

እናትህን ሳምልኝ። የምሠራበትን ጋራዥ ስም ግን አትንገራት፤ ሥራ ላይ ስልክ አይፈቀድም።

ያንተው ጋሼ


ኅዳር 28

ጋሼ፣

ሰላም ነህ? በሾፌሩ በኩል የጠየቅከኝን ሁለት ነገር ልመልስልህ። አልነገርኳትም፤ የት እንዳለህ አታውቅም። ሁለተኛው ደግሞ አዎ፣ አሁንም ትደውላለች።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሚደርስህ ጃኬት የወንድሜ ነው፤ የላከችልህ እሷ ናት። «እጅጌው ክርኑ ላይ ነው የሚቀርበት» አልኳት። «ግድ የለም፣ ትከሻው ላይ ጣል ያድርገው» አለች። «እሱ እኮ የቀረኝ ልጄ ነው» አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። አልተቀየምኩም፤ ምን ለማለት እንደፈለገች ገብቶኛል።

ስለ ትምህርቴም ልንገርህ። ባለፈው የፊዚክስ አስተማሪያችን ሚዛን ስለ መጠበቅ ሲያስረዳ ሰሌዳው ላይ ሞተር ሳይክል ሣለ። ከዚያ ዞር ሲል እኔን አየኝና በዳስተር አጠፋው፤ በቦታው ጠረጴዛ ሣለ። ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ጠረጴዛ ምን አድርጎ ይወድቃል? ሞተሩን ቢተወው ይሻል ነበር።

ፍጥነት ነው ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ወንድሜ የሞተ ቀን ከማናውቀው ቁጥር ተደወለ። እናቴ «የማላውቀው ቁጥር አላነሳም» ብላ ሁለቴ ዘጋችው። በሦስተኛው ያነሳሁት እኔ ነኝ። ትራፊክ ነበር። ፍጥነት አልነበረም፣ ጋሼ። መብራት ይዞት ቆመ፤ በቀኙ የጭነት መኪና ነበር። ትራፊኩ ያለኝን ቃል በቃል ልንገርህ፦ «ቆሞ ነው የወደቀው። እግሩን አወረደ፣ መሬቱን አላገኘውም።» መብራቱ አረንጓዴ ሆነና መኪናው ተነሳ። የዚያ መኪና ሾፌር አላየውም።

መሬቱን አላገኘውም። ሁለት ጣት ዝቅ ብሎለት?

የድሮው ጋራዥህ አጠገብ ያለው መለዋወጫ ሻጭ ጋ ሄድኩ። መናገር እንደሚወድ ታውቃለህ። ወንድሜ ክሩዘሩን ሊገዛ ቆርጦ ጋራዥ መጥቶ እንደነበር ነገረኝ። «ቱሪንጉን ነበር የፈለግኩት፤ እናቴን እህቷ ጋ ላደርሳት፣ ጀርባዋ አውቶቡስ አይችልም፤ ግን እግሬ አይደርስም» አለህ። አንተ ሰው ሁሉ እየሰማ «መጀመሪያ መሰላል ግዛ!» አልከው። «ክሩዘር ለሴንቲ፣ ቱሪንግ ለወንድ!» አልከው። ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። በማግስቱ ቱሪንጉን ገዛ። እንዳይወድቅ ፈርቶ በፒክአፕ አስጭኖ አንተ ጋ አመጣው፤ ዝቅ እንድታደርግለት። አንተም «ጨርሻለሁ» አልከው። መለዋወጫ ሻጩ ከዚህ በላይ አያውቅም።

መቀመጫው ግን ያውቃል። ላጥበው ብዬ ነበር የፈታሁት፤ አንተ ገና ወረቀቷን ሳትልክልኝ። ገለበጥኩት። ትንሿ ሞተር ላይ ልባስ ስንቀይር ያልከኝ ትዝ ይልሃል? «ልባሱን ከሥር የያዘው የስቴፕል ሽቦ አንዴ ከተነቀለ ቀዳዳው አይደፈንም፤ የሰው እጅ እንደነካው ዕድሜ ልክ ይታወቃል።» አንድም ባዶ ቀዳዳ የለም። ስቴፕሉ ሁሉ የፋብሪካው ነው፤ በመደዳ፣ እንደ ሕፃን ጥርስ።

ስለዚህ ስንት ጣት ነው ብዬ ስጠይቅህ መልሱን አውቀው ነበር። ምን እንደምትል ነበር የማላውቀው።

መቀመጫውን ለሾፌሩ ሰጥቼዋለሁ። ወንድሜ የሰጠህን ሥራ ሥራና መልሰህ ላክልኝ። ከሠራኸው ቱሪንጉን ለሻጩ መልሼ ክሩዘሩን እወስዳለሁ፤ እንደመረጥክልኝ። ካልሠራኸው ትምህርት ባለቀ ማግስት በቱሪንጉ እወጣለሁ፤ በመቀመጫው ቦታ ትራስ አስሬም ቢሆን። ቃሌ ነው።

ሎንጊኖ


ታኅሣሥ 5

ደርሶኛል። ጃኬቱም ደርሶኛል። ጃኬቱን መልሰህ ውሰድልኝ፣ በናትህ። መቀመጫውን አሁን ምን እንዳደርገው ነው የምትፈልገው?


ታኅሣሥ 9

ሥራህን።


ታኅሣሥ 24

ሎንጊኖ፣

መቀመጫው ጠረጴዛዬ ላይ ሰነበተ። እዚህ ያሉት ልጆች «የማን ነው? ሞተሩስ የታለ?» እያሉ ሲያሾፉብኝ ሰነበቱ። አንዱ ከፍ ብሎ ተቀምጦበት «ቁርስ አምጡልኝ» አለ። በመፍቻ ነው ያባረርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም።

የጠየቅከኝን ልመልስልህ። የመጨረሻውን ጥያቄህን ሾፌሩ በቃል ነው የነገረኝ፤ ሲነግረኝም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር። «ለምን?» ነው ያልከው አይደል?

የዚያን ቀን ቢላዋው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ልቀርፈው ነበር። ከዚያ የድሮው ጋራዥ ላሜራ ሠሪ «ተወው፣ እንዳለ ስጠውና በር ላይ ሲዘረር እንይ» አለ። አይ፣ ላሜራ ሠሪው አይደለም። እኔ ነኝ ያልኩት። እሱ ሳቀ ብቻ።

የድሮውን ጋራዥ በር ታውቀዋለህ፤ ሁሌ ዝግ ነው፤ ዘበኛው ተነስቶ እስኪከፍት ሁሉም ሰው ይቆማል። እዚያ ሲቆም የእግሩ ጣት ብቻ ይነካል፣ ቀስ ብሎ ይጋደማል፣ ያ የተቃጠለ ዘይት ላይ። እንስቃለን። ሁለት ሆነን እናነሳዋለን። እሱም ይሰድበኛል፤ ስድብ ይችልበት ነበር። ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ እቀርፍለታለሁ። ከዚህ ሌላ አልነበረም። ዕድሜ ልካችንን ስንቀላለድ የኖርነው እንዲህ ነው፤ እሱም እኮ አንድ ጊዜ ጫማዬ ውስጥ ግሪስ ሞልቶብኛል።

ደግፌ አወጣሁት። «አሁንም ከፍ ያለ መሰለኝ» አለኝ። «ገና ነው፤ ትንሽ ስትቀመጥበት ይሰምጣል» አልኩት። እሺ አለኝ። ጋራዥ ውስጥ ከእኔ ቃል ሌላ አያምንም ነበር።

አንድ ሚኒባስ ሊገባ ነበርና በሩን ተከፍቶ አገኘው። ሳይቆም ወጣ። እጁን አውለበለበልን። ሁላችንም ተናደድን፤ ቀልዱ ከሸፈ ብለን። ልደውልለት አሰብኩ፤ እየነዳ አያነሳም ብዬ ተውኩት። ሲመለስ በር ላይ ይወድቃል አልኩ። ሻይ አዘዝን።

ይኸው ነው። ለእናትህ ልትነግራት ከሆነ ንገራት። እኔ አልችልም። ስትደውል «እንዴት አደርክ የኔ ልጅ» ነበር የምትለኝ፤ ስልኬ ወድቆ አልተሰበረም።

መቀመጫውን ቀርፌዋለሁ። ሁለት ጣት፣ ከጎንና ከጎኑም ትንሽ አጥብቤዋለሁ፤ ጭን ወደ ውጭ እንዳይከፈት። ለእሱ ልክ ነው። ላኩልህ። አሁን ቱሪንጉን ለሻጩ መልስ። በዚያ ሞተር ወጥተህ አንድ ነገር ብትሆን እኔ ሁለተኛ አልችለውም፤ ይሄንን የምልህ ለራሴ ብዬ እንደሆነም አውቃለሁ። ቃልህን ጠብቅ። ሰማኸኝ? ቃልህን ጠብቅ።


ጥር 3

መካኒኩ፣

መቀመጫው ደርሷል። ሥራህ ያምራል፤ ሌላ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ልባሱ አልተሸበሸበም፣ ስፌቱ አልዞረም። ሾፌሩ ሲያወርደው እናቴ አይታ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አለች። «ጋሼ አድሶ ላከው» አልኳት። እጇን አሳለፈችበት። «አየህ፣ እሱ እንደ ሌላው ቀብሮ አልረሳንም። እጁ ይባረክ» አለች።

አልነገርኳትም። አልነግራትምም። ከነገርኳት ትጠላሃለች። ከጠላችህ ደግሞ አንድ ቀን ይቅር ትልሃለች፤ እናቴን አውቃታለሁ። ይቅር ካለችህ እንቅልፍህን ትተኛለህ። ስለዚህ እንደወደደችህ ትኖራለች። ጃኬቱን መልሰህ ውሰድልኝ ላልከው፣ አትላከው። ልበሰው።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ መቀመጫውን ገጠምኩት። የወንድሜን የሥራ ሱሪ አወጣሁና በመቀመጫው ላይ አንፈራጥጬ አንጠለጠልኩት፤ አንዱን እግር በዚህ፣ ሌላውን በዚያ። ጫፉ መሬት ነካ። በሁለቱም በኩል። ከዚያ ደብተሮቼን አመጣሁ፤ ሁለት ጣት ያህል ደርድሬ ከሱሪው ሥር አስገባሁ። ሱሪው ተንጠለጠለ። ደብተሮቹን አወጣሁ፣ ነካ። አስገባሁ፣ ተንጠለጠለ። ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረግኩ አላውቅም። እናቴ በመስኮት ብቅ ብላ «ምን እያደረግክ ነው?» አለችኝ። «ልብስ እያሰጣሁ ነው» አልኳት።

በመጨረሻ ራሴ ተቀመጥኩበት። ጉልበቴ ትንሽ ይታጠፋል እንጂ እግሮቼ በሙሉ ጫማቸው ይረግጣሉ። ከማቆሚያው አውርጄ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዘነበልኩት። እውነትህን ነው፣ ግድግዳ ነው። ግን መለስኩት። በቀኝ በኩል ለጥቂት ሊያመልጠኝ ነበር።

አሁን ወደ ቃሌ ልምጣ። ሻጩ ዛሬ ጠዋት መልስ ፈልጎ መጥቶ ነበር፤ ሰጥቼዋለሁ። ምን እንዳልኩት ግን ለአንተ አልነግርህም። ሾፌሩንም እንዳይነግርህ አድርጌዋለሁ፤ ከእንግዲህ ደብዳቤህን አያመጣም፣ የእኔንም አይወስድም። ይህ የመጨረሻው ነው።

ምናልባት ክሩዘሩን ወስጄ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ትምህርት ባለቀ ማግስት እናቴን ከኋላዬ አስቀምጬ፣ ወንድሜ ሊያደርሳት የፈለገው እህቷ ጋ እሄድ ይሆናል፤ ያ ሁሉ ቁልቁለት፣ ያ ሁሉ መታጠፊያ፣ በየከተማው ያ ሁሉ መብራት። ወንድሜን «ጨርሻለሁ» አልከው፤ አመነህ። እኔም «ከሠራኸው ክሩዘሩን እወስዳለሁ» አልኩህ፤ አመንከኝና ቀረፍከው።

መጀመሪያ ላይ አይመችህም። ገና ነው፤ ትንሽ ስትቀመጥበት ይሰምጣል።

ስልክህን ክፈት። እናቴ ስትደውል አንሳና እንዴት አደርሽ በላት። ከማታውቀው ቁጥር ከተደወለልህም አንሳው።

ሎንጊኖ